ለማጅ አይንካኝ

ሥራዬ ማኪና መንዳት ማስተማር ነው። ጎንደር ውስጥ ዛሬ መሪ ጨብጠው ከሚያስደነግጧችሁ ሰዎች ብዙዎቹ በእኔ እጅ ያለፉ ናቸውና፣ ቅሬታ ያላችሁ አስቀድማችሁ ይቅር በሉኝ። ከጠዋት እስከ ማታ በአዘዞ መንገድ ላይ መንዳት ከማይችል ሰው ጎን ተቀምጬ እውላለሁ። የማሠልጠኛ ማኪና ከሌላው ማኪና የምትለየው በአሠልጣኙ በኩል ትርፍ ፍሬን ስላላት ነው። ለማጁ መሪውን ይይዛል፣ ማርሹን ያንገጫግጫል፣ ያልበዋል፣ ሥላሴን ይጠራል፤ እኔ እግሬን ትርፉ ፍሬን ላይ አሳርፌ መንገዱን አያለሁ። ሾፌር የሚባለው ሁሉ ሾፌር የሆነው እንዲህ ነው።

ለማጅ ላይ ክላክስ የሚያንባርቅ ሰው ሲያጋጥመኝ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ "አንተ ከእናትህ ሆድ መንጃ ፈቃድ ይዘህ ነው የወጣኸው?" እላለሁ። ለማጅ ከሌለ ሾፌር የለም የሚለውን ንግግሬን ያልሰማ የሠፈራችን ሰው ቢኖር፣ ሠርግም ለቅሶም የማይደርስ ሰው ብቻ ነው። ታዲያ ለማጅ ሐኪም በአፌ ገብቶ ሆዴ ውስጥ ሊነዳ ነው በተባለ ጊዜ ያ ሁሉ ንግግር የት እንደገባ እንጃ።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። ያን ያህል ጾሞ የከረመ ሆድ ላይ ዶሮውንም፣ በጉንም፣ ቅቤውንም ባንድ ቀን አወረድኩበት። ከቀኝ ጎድኔ ሥር ተነሥቶ ትከሻዬ ድረስ የሚሄድ ሕመም ያዘኝ። በእኛ አገር ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው፤ እኔም ጨጓራ ነው ብዬ ተልባ ጠጣሁ። ሕመሙ ሄድ መለስ ሲል ሰነበተ። ከዚያ ማሳከክ መጣ፤ መዳፌን፣ ውስጥ እግሬን፣ ጀርባዬን። የበር መቃን ላይ ተደግፌ እንደ በሬ ስታከክ ባለቤቴ አየችኝና ጎትታ መስኮት ሥር አቆመችኝ።

"ዓይንህ ምነው ቢጫ ሆነ?" አለች።

"እንቅልፍ ነው።"

"እንቅልፍ ከመቼ ወዲህ ነው ሰውን እርድ የሚያስመስለው?"

የሠፈሩ ሰው እኔን ለማየት መጣ። እኛ ከተማ በሽተኛ ይጠፋ ይሆናል እንጂ ሐኪም አይጠፋም። አንዷ የወፍ በሽታ ነው አለች፤ የሌሊት ወፍ ባናትህ ላይ አልፋብህ ነው። ሌላው ሳንጃ ውስጥ ለዚሁ በሽታ ሥር የሚሰጥ አዋቂ አለ፣ አንድ ቀን ሄደህ በሦስተኛው ነጭ ትሆናለህ አለ። ፌጦ በሎሚ ያዘዘልኝም ነበር። ባለቤቴ ሁሉንም አመስግና፣ ቡናቸውን አጠጥታ ሸኘቻቸውና እኔን ሆስፒታል ወሰደችኝ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኛ ስለነበር ስሙን ማንሳቱ ነውር ነው። የተቀበሉን ትልቁ ሐኪም ጠጉራቸው የነጣ፣ ረጋ ያሉ፣ አባታቸው የወገራ ሰው የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሆዴን በማሽን አዩና ነገሩን ላንድ ገበሬ በሚገባ ቋንቋ ነገሩኝ።

"ከሐሞት ከረጢትህ ጠጠር ወርዶ የሐሞት ቱቦህ መውጫ ላይ ተቀርቅሯል። ሐሞቱ መሄጃ ስላጣ ወደ ደምህ ተመለሰ፤ ቢጫ ያደረገህ፣ የሚያሳክክህም እሱ ነው። እዚያው ከቆየ ይመግላል። ከመገለ ደምህን ይመርዛል። ከዚያ ወዲያ እኔም ላልደርስብህ እችላለሁ።"

ሐሞቴ ፈሰሰ እንዳልል፣ የእኔ ሐሞት መፍሰሱን ከተወ ሰንብቷል። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። የባለቤቴን እጅ ፈልጌ ያዝኩ።

"ሆድህን አንቀድም" አሉ ቀጥለው። "በአፍህ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ እናስገባለን። በጨጓራህ አልፈን የሐሞት ቱቦው ወደ አንጀት የሚከፈትበት አፍ ድረስ እንሄዳለን። በዚያ ቀጭን ሽቦ እናሾልካለን፣ አፉን ትንሽ ሰንጠቅ እናደርገዋለን፣ ጠጠሩን ጠርገን እናወርደዋለን።"

"ማንና ማን ሆናችሁ?" አልኩ።

"እኔና እሷ" ብለው ወደ በሩ ጠቆሙ። በዚህ ሕክምና የምትሠለጥን ሐኪም ናት አሉኝ። ዞር ብዬ ሳያት ነጭ ጋዎን ለብሳ የቆመችው የራሴ ለማጅ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማኪናዬን ወደ ኋላ ስትነዳ አዘዞ ውስጥ የሰው አጥር ያፈረሰችው ልጅ ናት።

"ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?" አለችኝ። አስታውሳኛለች። አሠልጣኙን የሚረሳ ለማጅ የለም፤ አጥሩንም የረሳችው አልመሰለኝም።

አጠገቤ ተቀምጣ አሠራራቸውን አስረዳችኝ። "መጀመሪያ እኔ እሞክራለሁ። የምሞክርበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ጊዜው ሲሞላ ወይም ሽቦው ወደማንፈልገው መንገድ ደጋግሞ ከገባ ዶክተር ይቀበሉኛል። እሳቸው ሲይዙ ደግሞ ሽቦውን የምገፋላቸው እኔ ነኝ።"

"የማትፈልጉት መንገድ የት ነው የሚያደርሰው?"

"ቆሽት ነው። የሐሞትና የቆሽት ቱቦ ባንድ አፍ ነው የሚከፈቱት። ቆሽት ደግሞ መነካካት አይወድም፤ ይቆጣል። ሲቆጣ ክፉኛ ያማል፤ አንዳንዴም የከፋ ነገር ያመጣል።"

"ስንት ሰው ላይ ሠርተሻል?"

"ሠርቻለሁ ጋሼ።"

"ስንቱ ተረፈ?"

ባለቤቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። ልጅቱ ግን ሳትቆጣ መለሰች። "አሟቸው የሰነበቱ አሉ። የሞተብን የለም።"

"ያ አጥርም አልሞተም" አልኳት። "ቆርቆሮው ግን እስከ ዛሬ እንደተጣመመ ነው።"

ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ቀላ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ቤት እስክንደርስ አላናገረችኝም።

በማግስቱ አጎቴ ከዳባት ደረሰ። ይህን ሰው ላስተዋውቃችሁ። እኛ አያ ነው የምንለው። ከዳባት እስከ ደባርቅ ያልታረቀ ጠብ ካለ አጎቴ ያልሰማው ጠብ ብቻ ነው። ደም የተቃባ አስታርቋል፤ የተፋታ አገናኝቷል፤ የወሰን ጭቅጭቅ ለሱ ቁርስ ነው። ሥራው መለመን ነው፤ ለምኖም ያጣበት ቀን የለም። ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠና ነገሩን ከባለቤቴ ሰማ።

"ለማጅ?" አለ። "ሰው እኮ ነው፤ ወይፈን መሰላቸው እንዴ የሚያለማምዱበት?"

"አያ፣ ብቻዋን አይደለችም። ትልቁ ሐኪም አጠገቧ ናቸው" አለች ባለቤቴ።

"ተይኝ እባክሽ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ። የሳቸው ሆድ ቢሆን ለማጅ ያስነኩት ነበር?" አለና ወደኔ ዞረ። "ሽማግሌ እንልካለን።"

"ለማን?"

"ለትልቁ ሐኪም ነዋ።"

"ልጃቸውን ልታጩ ነው?"

"ነፍስህን ልንለምን ነው" አለ፤ አልሳቀም።

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ለማጅ ከሌለ ሾፌር የለም የምለው ሰውዬ፣ አጎቴን አቅፌ ጉንጩን ሳምኩት።

የእኛ አገር ሽማግሌ እንዴት እንደሚለምን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም። ጋቢውን አጣፍቶ በሰው ግቢ ይቆማል። ባለቤቱ "ኧረ ተቀመጡ" ይላል። "የመጣንበትን ሳይሰጡን አንቀመጥም" ይላሉ። ወንበር ይመጣል፣ አይነኩትም። ጠላ ይመጣል፣ አይቀምሱትም። ቆመው ይጠብቃሉ። አባቱን የገደለበትን ሰው በዚህ ዘዴ ይቅር ያለ ስንት ጀግና አለ፤ ጥይት ያላንበረከከውን ሰው የቆመ ሽማግሌ ያንበረክከዋል። ሸጋ ባህል ነው። ደም ያደርቃል፣ ትዳር ያቆማል። የሐሞት ጠጠር እንደማያወርድ ግን ማንም አላሰበበትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ፣ የንስሐ አባቴና የእድራችን ዳኛ ተሰባሰቡ። የሚሄዱበት ማኪና የእኔዋ የማሠልጠኛ ማኪና ነበረች፤ ሌላ ከየት ይመጣል። ለማጅ አይንካው ብለው ሊለምኑ የወጡት ሦስት ሽማግሌዎች፣ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ አናቷ ላይ በተሸከመች ማኪና ወደ ሐኪሙ ቤት ሄዱ። ባለቤቴ ሰሌዳውን እያየች ከት ብላ ሳቀች። እኔ ቢጫ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነዳሁ፤ በሩ ላይ አቁሜም ከመሪው ጀርባ ተቀመጥኩ። የሚለመንለት ሰው ሲለመንለት ቢታይ አያምርም። የግቢው በር ግን ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም አየሁ፣ ሰማሁም።

ትልቁ ሐኪም ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ነበር፤ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። ሦስቱን ቆመው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። የወገራ ልጅ ናቸው፤ ምን እንደመጣባቸው ገብቷቸዋል።

"ተቀመጡ" አሉ።

"የመጣንበትን ሳይሰጡን አንቀመጥም።"

አጎቴ ተናገረ። እንዴት እንደሚናገር አትጠይቁኝ፤ ድንጋይ ያስለቅሳል። የልጅነቴን ነገር አነሣ፣ የእናቴን አሟሟት አነሣ፣ ለሐኪሙ አባት ነፍስ ይማር አለ። በመጨረሻ፣ "ይኸን ልጅ በገዛ እጅዎ ይሥሩልን። ለማጅ እንዳይነካው" አለ።

ሐኪሙ ሊያስረዱ ሞከሩ። "እሷ ብቻዋን አትሠራም። እኔ ከጎኗ ነኝ። ተራ በተራ ነው የምንሠራው። ይህን ያደረግነው ለበሽተኛው ደህንነት ብለን ነው እኮ።"

"ከጎን መቆምና መያዝ አንድ ነው?" አለ አጎቴ።

ማኪና ውስጥ ሆኜ፣ ሥራዬ በሙሉ ከጎን መቀመጥ የሆነው እኔ፣ "አንድ አይደለም" ብዬ በሆዴ መለስኩለት።

ሐኪሙ አሁንም አስረዱ፤ ሽማግሌዎቹ አሁንም ቆሙ። የንስሐ አባቴ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ቅዳሴ ቆመው ነው የመጡት፤ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ያንን ጉልበት አዩት። ከዚያ ወዲያ የሚያዩት እሱን ብቻ ሆነ።

"እሺ" አሉ። "እኔው እሠራዋለሁ። አሁን ይቀመጡ አባቴ።"

አጎቴ ግን ያገኘውን ይዞ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። "እሷም እዚያ ክፍል አትግባ። ካለች እጅዎ ይላላል፣ ይሰጧታል።"

ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉ። ሐኪሙ መስቀሉን አዩ፣ የቄሱን ጉልበት አዩ፣ ተሳለሙ። "አትገባም" አሉ። ያን ጊዜ ሦስቱም ባንድ ላይ ተቀመጡ፤ ጠላውም ተቀዳ።

ስንመለስ አጎቴ ፉከራ ሊጀምር ምንም አልቀረውም። እኔም ከማሳከኩ በቀር ደህና ነበርኩ።

የሥራው ቀን በግራ ጎኔ አስተኝተው፣ አፌ ውስጥ የሚነከስ ፕላስቲክ ከተው፣ ክንዴ ላይ መርፌ ሰጡኝ። ልጅቱ የለችም። ሽቦውን እንዲገፋ የቆመው ከሌላ ክፍል የተጠራ ሰው ነበር፤ ጎበዝ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ከሐኪሙ ጋር ይህን ሥራ ለምዶ እንዳልሠራ ግን ሁለቱም ሲነጋገሩ ያስታውቅ ነበር። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ አላስተኛኝም። ድምፅ ይመጣል ይሄዳል።

"ግፋ… አይ፣ ሳብ፤ ሳብ አልኩህ እኮ።"

"ይቅርታ ዶክተር።"

"አሁንም ቆሽት ነው። አውጣው። እንደገና።"

እንደገና የሚለውን ቃል ደጋግሜ ሰማሁት። ለማጅ አንድን ስሕተት ሲደጋግም ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ፍሬኔን እረግጥና "ቁም፣ ተንፍስ" እለዋለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ "ቁሙ፣ ይተንፍሱ" የሚላቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ስነቃ የነቃሁት በሕመም ነው። ከልቤ በታች ገብቶ በጀርባዬ የሚወጣ ሕመም ነበር። ቆሽቴ አረረ እያልኩ በስንቱ ለማጅ ላይ ጮኼአለሁ፤ ማረሩን ለካ አላውቀውም ነበር። አስታወከኝ፤ ሆዴ ባዶ ሆኖም ያስታውከኛል። አጎቴ ራስጌዬ ቆሞ፣ "ሸጋ ነው፤ ጠጠሩ ሲወጣ እንዲህ ነው የሚያረግ" ይላል። ከየት አምጥቶት እንደሆነ አላውቅም።

ሐኪሙ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ሳይሸፋፍኑ ነገሩን። ጠጠሩ አልወጣም። ቆሽቴም ተቆጥቷል። ምግብም ውሃም በአፌ ሳይገባ፣ በክንዴ እየተንጠባጠበልኝ እቆያለሁ። ቆሽቴ እስኪበርድ ጠጠሩን እንደገና መንካት አይቻልም፤ ጠጠሩ ደግሞ በዚህ መካከል ከመገለ ምርጫ አይኖርም። ባለቤቴ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አለቀሰች። ሰምቻታለሁ። እሞታለሁ ብዬ ከልቤ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

አጎቴ ጥፋቱን ያገኘው ወዲያው ነው። "ሰውዬው አርጅተዋል" አለ። "እጃቸው ደክሟል። ከሳቸው የሚበልጥ አዲስ አበባ አለ ይባላል።" የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸ ነው። ከትልቅ በላይ ትልቅ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ ትልቅ። ሽማግሌ ይዞ አዲስ አበባ ሊወርድ ማሰቡን ሲነግረኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እርሻው ስለደረሰበት ግን መጀመሪያ ወደ ዳባት ተመለሰ፤ እግዜር ይስጠው እርሻውን።

እሱ በሄደ ማግሥት ሐኪሙ ብቻቸውን መጥተው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

"እውነቱን ልንገርህ" አሉ። "እሷ ስትይዝ ሰዓቱን የማየው እኔ ነኝ። እኔ ስይዝ እሷ ታያለች። 'ዶክተር፣ ደጋገምነው' ትለኛለች። ያን ጊዜ ወይ አቆማለሁ፣ ወይ እሰጣትና በሌላ እጅ ይሞከራል። ሽቦውንም መቼ መግፋት እንዳለባት ሳልናገር ታውቅልኛለች። ያን ቀን እሷ የለችም። በእጄ አወጣዋለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ ደግሞ ሳላወጣ ለማቆም አፈርኩ። ለተማሪዎቼ ያወጣሁትን ሕግ ለራሴ ተውኩት።"

ተናደድኩ። ሕመሙም አግዞኝ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ተምረው፣ ያን ሁሉ አስተምረው በሦስት ጋቢ የተሸነፉት ሰው ላይ ተናደድኩ።

"ታዲያ ምነው እምቢ አላሉም?"

"ቄሱ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር" አሉ።

እኔ ብሆንስ? እኔም የሰው አገር ሰው አይደለሁም። ማታ ማታ ሳስበው ግን ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ትርፉን ፍሬን አስነቅዬ ነው ቁልቁለት የወረድኩት። ደግሞ ያስነቀልኩት በሽማግሌ ነው፣ በመስቀል ነው፣ በደስታ ነው።

ሕመሙ ቀስ በቀስ በረደ። ብርድ ብርድ የሚለኝ ትኩሳት ግን ብቅ ማለት ጀመረ፤ ሐኪሙ ጠጠሩ ከዚህ ወዲያ አይቆይም አሉ።

"ልጅቱ ትግባ" አልኩ። "እንደ ሕጋችሁ ሥሩኝ።"

"ቃል ገብቻለሁ እኮ።"

"ቃል የገቡት ለነሱ ነው። ሆዱ የኔ ነው።"

ሐኪሙ ግን መስቀል ተሳልመው የገቡትን ቃል እንዲሁ አያፈርሱም። ባለቤቴ ሄዳ የንስሐ አባቴን አመጣቻቸው። የሆነውን ሁሉ አልጋዬ አጠገብ ሰሙ። ሰምተው ሲጨርሱ ማንም ሳይጋብዛቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ መስቀላቸውን አነሡና ሐኪሙን "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሏቸው። ወደኔ ዞረው፣ "እኔንም ይፍታኝ" አሉ። እሳቸውን ሽማግሌ አድርጎ መላክ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተቻለም።

በሁለተኛው ሙከራ ቀን ልጅቱ ጎንበስ ብላ፣ "ጋሼ፣ አይዞዎት" አለችኝ። ያ ፕላስቲክ አፌ ውስጥ ስለነበር አልመለስኩም። ለማጅ እየነዳ እኔ አስተያየት ያልሰጠሁበት የመጀመሪያው ቀን ነው። መርፌው እስኪያደክመኝ ፊቷን አየሁ። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። ላብ ጥሩ ነው፤ የማያልበው ለማጅ ነው የሚያስፈራኝ።

ድምፅ ይመጣል ይሄዳል። "በቃሽ፣ አምጪ" ሲሉ ሰማሁ። ቆይቶ የሷ ድምፅ መጣ፤ "ዶክተር፣ ደጋገምነው።" "እሺ፣ ያዢ አንቺ" አሉ። ከዚያ አንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ የሚያመኝ ነገር አልነበረም። ውሎ ሲያድር ሽንቴ ጠራ፣ ማሳከኩ ተወኝ፣ ዓይኔም ነጣ። ልጅቱ ልትጠይቀኝ መጣች።

"ማን ነው ያወጣው?" አልኳት።

"አወጣነው።"

"ማንኛችሁ?"

"ጋሼ፣ አወጣነው አልኩዎት እኮ።"

አልተዋጠልኝም። እኔ ለማጅ ፈተና ሲያልፍ "ያስተማርኩት ልጅ ነው" የምል፣ ሲወድቅ ደግሞ "እሱ ወደቀ" የምል ሰው ነኝ። ትልቁንም ሐኪም ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም ያንኑ አሉኝ። እስከ ዛሬ ማን እንዳወጣው አላውቅም።

አጎቴ ግን ያውቃል። ዳባት ገበያ ላይ ሲያወራ የሰሙ ነግረውኛል፤ መጀመሪያ ትንሽ አስቸገረ፣ በኋላ ግን ትልቁ ሐኪም በገዛ እጃቸው አወጡለት፤ ያም የሆነው እኛ ስለቆምንለት ነው፤ ለማጅ ቢነካው ኖሮ ይኸኔ ተዝካሩን እናወጣ ነበር። እኔም ነገሩን አላስተባበልኩም። ለአጎት ልመናህ ሊገድለኝ ነበር ብሎ የሚናገር አፍ በእኛ ቤት አልተፈጠረም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ደወለ። አዲ አርቃይ የተዳረችው ልጁ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ያንኑ ጠጠር ነው ብሎ ወደ ጎንደር ልኳታል። ድምፁ የማላውቀው ድምፅ ነበር፤ ሲፈራ ሰምቼው አላውቅም።

"ሽማግሌዎች አዘጋጅቻለሁ" አለ። "ካለፈው ይበዛሉ። ከዋልድባ የመጡ አንድ መነኩሴም አሉ። አንተም ከኛ ጋር ትቆማለህ። ያቺ ለማጅ እንዳትነካት።"

"አያ" አልኩት፤ "እኔን ሊገድለኝ የነበረው ልመናችሁ ነው።"

ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። ልጅቱን ስላስወጡ ሐኪሙ ያለ ረዳታቸው እንደቀሩ፣ ሰዓቱን የሚያይላቸው እንዳልነበረ፣ አፍረው ማቆም እንዳቃታቸው፣ ቄሱ መጥተው ቃሉን እንደፈቱ፣ ሁሉንም ነገርኩት።

"ለማጇ ነካችህ?"

"ነካችኝ።"

"ከዚያ ዳንክ?"

"ከዚያ ዳንኩ።"

ከወዲያ በኩል ውሻ ሲጮህ፣ ሰው ከብት ሲጠራ ይሰማል።

"ታዲያ ምነው ያን ለት አልተናገርክ?" አለ።

"ቆማችሁ ነበራ አያ። ለቆመ ሰው ማን እምቢ ይላል? ሐኪሙስ እንዴት እምቢ ይበሉ?"

"ይሁን" አለ በመጨረሻ። "ሽማግሌዎቹ ይቅሩ። ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ተቀምጠን እንጠይቃቸዋለን።"

ልጁ ዛሬ ደህና ናት፤ ያንን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ያን ጠዋት ግን እንደ እርድ ቢጫ ሆና አባቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ነበር የመጣችው። አጎቴ ትልቁ ሐኪም ፊት ሲደርስ ልማዱ አስቸገረው፤ ጋቢውን አጣፋ፣ ሊቆም ቃጣው፣ ከዚያ ራሱን ያዘና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሠልጣኟ ሐኪም ስትገባ ከእግር እስከ ራሷ አያት።

"ልጄ" አላት፣ "አንቺ ሲደክምሽ ማን ይቀበልሻል?"

"እሳቸው።"

"እሳቸውን ሲደክማቸውስ?"

"እኔ።"

"ሁለታችሁንም ሲደክማችሁ?"

"እናቆማለን አባቴ። ሌላ ቀን እንመለሳለን።"

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። "ሸጋ" አለ። "እንግዲያ ሁለታችሁም ግቡ።" የልጁን እጅ ይዞ ለሐኪሟ ሰጣት፤ ጣቶቹ ቶሎ አልለቀቁም። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

"ያን አጥር ያፈረሰችው ይህቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

"ማኪናውንስ ያስተማራት ማን ነበር?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ማኪናዋን ጥላ ሥር ላቁማት ብዬ ወጣሁ።